አካፋ ይዞ የሚመጣው

የሰፈሩ ብረት በያጅ በስብሰባ ላይ ተናግሮ አያውቅም። ጡረታ የወጡት ነርስ የሰፈሩ የውኃ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆነው ሲመረጡም ከኋላ ተቀምጦ እንደ ሰዉ አጨበጨበ። ከሰዉ የተለየው፣ የቧንቧው ቦይ ይቆፈራል በተባለው ቅዳሜ አካፋውን ይዞ በመምጣቱ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ሃምሳው ሰው ቤቱ ተኝቶ ሎሚው ለነርሷ፣ ለበያጁና ለሁለት ጎረቤቶች ተረፈ።

ሳምንቱን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ብረት ሲበይድ ስለሚውል ወገቡ አልቋል። ሚስቱ «ከሰፈሩ ወገብ ያለው አንተ ብቻ ነህ?» ትለዋለች። እሱ ጫማውን አጥልቆ ይወጣል።

አንድ ቅዳሜ ሲደርስ የቦዩን መስመር የሚያሳዩት ካስማዎች ወደ ታችኛው ሰፈር ከሚወስደው መንገድ ተነቅለው በነርሷ እህት ደጅ በኩል ተተክለዋል። ጎረቤቶቹ ተያዩና በአዲሱ መስመር መቆፈር ጀመሩ። ልጆቻቸውን ያዋለዱትን ሴት ማን ደፍሮ ይናገር? በያጁ ግን ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ፣ እስካሁን ቆፍር ያሉኝን ቆፍሬያለሁ። ይሄን ግን አልቆፍርም። ታች ያሉት ውኃ ሊያጡ ነው።»

«አንተም እንደ ሌሎቹ ልትቀር ነው?»

«አልቀርም። በድሮው መስመር እየቆፈርኩ እጠብቅዎታለሁ።»

ብቻውን እስከ ቀትር ቆፈረ። ነርሷ ሳይሰናበቱት ሄዱ፤ በሳምንቱ መንገድ ላይ ቢያገኛቸውም ፊት ነሱት። ሚስቱ በቃ አሁንስ ዕረፍ አለችው። ሊያርፍም አስቦ ነበር፤ ግን ከቀረ የተናገረው ኩርፊያ እንጂ ምክር አልነበረም ይባላል ብሎ፣ ቅዳሜ ሲነጋ እግሩን እየጎተተ ሄደ።

ነርሷ ቀድመውት ደርሰው ካስማዎቹን ወደ ቦታቸው እየመለሱ ነበር። ዓይናቸው አብጧል። እህታቸው እንዳኮረፈቻቸው ነገሩት። ይቅርታ አልተባባሉም፤ አካፋውን እየተቀባበሉ ዋሉ።

ውኃው ከወራት በኋላ ታችኛው ሰፈር ደረሰ፤ እሱም ቀጭን፣ አንዳንድ ቀን ጭራሽ የሚጠፋ። በዓመቱ ስብሰባ ላይ ሰዎች በያጁ ሊቀመንበር ይሁን አሉ። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ብድግ ብሎ ተናገረ።

«እትዬ ይምሩን። እኔ ቅዳሜ እመጣለሁ። እናንተም ኑ።»

አጨበጨቡለት።

ቅዳሜ በደለል የተዘጋውን ቧንቧ ሊጠርጉ ሲወጡ፣ ከታችኛው ሰፈር አንዲት ሴት የራሷን አካፋ ይዛ ቆማ አገኟት። ከእሷ ሌላ አዲስ ሰው አልመጣም። በያጁ ከየት እንደሚጀመር አሳያትና አጠገቧ ጎንበስ አለ። ደክሞት ስለነበር ደስ ይበለው አይበለው እንኳ ልብ አላለም።