ቅዳሜ የማይጣራው ረዳት

ቤቴል ፌርማታ ላይ አንድ ረዳት የታክሲውን ጎን በመዳፉ ሲመታ ሰማሁና ወንድሜ ትዝ አለኝ። ካረፈ አምስት ወሩ ነው።

እሱም ረዳት ነበር። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ብቻውን የሚዘምር ከሆነ ቅዳሜ አይጣራም፤ ድምፁ እንዳይሰነጠቅ የታክሲውን ጎን ብቻ ይመታል። ልጅ ሳለሁ አንድ ቅዳሜ ይዞኝ ሄደ።

«ጥራ እንጂ አንተ! በመዝሙር ነዳጅ ልንቀዳ ነው?» አለ ሾፌሩ።

«ጋሼ፣ ድምፄን ያከራየሁዎት እስከ ዓርብ ነው» አለ ወንድሜ ቀስ ብሎ።

ድምፅ እንዴት እንደሚከራይ አልገባኝም።

«እንግዲያው ሌላ ረዳት እፈልጋለሁ!»

ይህቺ ግን ገባችኝ። በመስኮቱ ብቅ ብዬ የምንሄድበትን ሰፈር «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ!» እያልኩ ጮህኩ። ታክሲው ሞላ።

በማግስቱ ወንድሜ ሲዘምር ድምፁ አንድም ቦታ አልተሰነጠቀም።

መዝሙሩን ማንም አልቀዳውም። እማዬ አንዳንዴ «እስቲ እንደ እሱ ዘምረው» ትለኛለች። እጀምራለሁ። መሃል ላይ ያቅተኛል፤ እሷ ትጨርሰዋለች።