ምን ጎደለህ?

ነገሩ የሆነው ከአራት ዓመት በፊት፣ በክረምት ነው። ሰው አልሞተበትም፣ ጥይት አልተተኮሰበትም። እኔ ግን ዛሬም ድረስ ሰው «ምን ጎደለህ?» ባለኝ ቁጥር ጆሮዬ ይግላል። ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ ግቢውን አንድ ጊዜ ካልዞርኩ አይበርድልኝም። ባለቤቴ አስካለ «ደግሞ ተነሣብዎ!» እያለች ትስቅብኛለች።

ያኔ ከቡሬ በታች ባለው ኬላ ጠባቂ ነበርኩ። ቡና ጭነው ወደ ባሮ ወደብ የሚወርዱትን ነጋዴዎች ወረቀት እያየሁ ማሳለፍ ነበር ሥራዬ። መቀመጥ አልወድም፤ ከልጅነቴም አልወድም። ኬላው ለእኔ የተፈጠረ ሥራ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ሽቅብ ቁልቁል ስል ይመሻል።

ከዚያ የቡና ዋጋ ወደቀ ተባለ። ነጋዴው ሳሳ። ሁለቱ ኬላዎች አንድ ሆኑና ግማሻችን «ስንፈልጋችሁ እንጠራችኋለን» ተብለን ተሰናበትን። እኔም ዕቃዬን በጀርባዬ ጭኜ መቱ ገባሁ።

አስካለ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። አዋላጇ እትዬ በለጡ ጠርተውኝ «ስማ ልጄ፣ ይቺ ልጅ ደህና ትብላ። ሌላ መድኃኒት አላውቅላትም» አሉኝ። እንግዲህ የዚያን ጊዜ ሐሳቤ በሙሉ እሷ ነበረች፤ አስካለ ትብላ።

አንድ የኬላ ባልደረባዬ ነው መንገዱን የነገረኝ። በጥፋት ሳይሆን በሥራ መቀነስ የወጣ የመንግሥት ሰው፣ ሌላ ቦታ እስኪገኝለት ድረስ ከአገረ ገዥው ግቢ ጎተራ እህል ይሰፈርለታል፤ ድርጎ ይሉታል። ጎሬ ሄደህ አመልክት አለኝ። ወሬውን እንደሰማሁ በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ የሶርን ወንዝ ተሻግሬ ነበር።

ማመልከቱ ራሱ ሥራ ነው። መጀመሪያ ዋርካው ሥር የሚቀመጠው ጸሐፊ አቤቱታውን ይጽፍልሃል። ከዚያ በጥፋት አለመውጣትህን የሚመሰክሩ ሁለት ዋሶች ታቀርባለህ። እኔ አንዱን ዋስ ፍለጋ ቡሬ ድረስ ተመለስኩ፤ እሱ ደግሞ ለቅሶ ሄዷል ብለው ሌላ ሦስት ቀን ጠበቅኩት። በመጨረሻ ማኅተም ተመታልኝ። ወረቀቱን ደረቴ ውስጥ ከትቼ በደስታ ልሮጥ ስል ጸሐፊው በሸማዬ ጫፍ ያዘኝና «የት ትሄዳለህ? ዋናው ገና ነው» አለኝ።

ዋናው ደጅ መጥናት ነው። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ፣ ዝናብ ጣለ አልጣለ፣ ግቢው በር ላይ ትገኛለህ። ስምህ ሲጠራ በራስህ አፍ «አቤት» ትላለህ፤ ወንድምህ እንኳ አይልልህም። ሁለት ጊዜ ተከታትለህ ከቀረህ ስምህ ይፋቃል። «ድርጎው የሚሰፈረው ለሆድህ እንዳይመስልህ» አለኝ ጸሐፊው፤ «ለእግርህ ነው።»

እኔ ደግሞ እግር አላጣም። ያጣሁት መቀመጫ ነው። እዚያ በር ላይ ከማለዳ እስከ እኩለ ቀን ድንጋይ ላይ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚያሰቃይ ያየ ያውቀዋል። ስቆም ስቀመጥ፣ ስቆም ስቀመጥ፣ ከጎኔ የነበሩ አንዲት ሴትዮ «አንተ ልጅ፣ ከሥርህ እሾህ አለ እንዴ?» አሉኝ። እትዬ ጫልቱ ይባላሉ። ባላቸው ወታደር ነበሩ፤ ከሞቱ ወዲህ በእሳቸው ስም ድርጎ ይቀበላሉ። ከከረጢታቸው የተቆላ በቆሎ ዘግነው ሰጡኝ። እኔም እንደ ደንቡ «ኧረ ጠግቤያለሁ እትዬ» አልኩ። «ፊትህ ግን አልጠገበም» ብለው መዳፌ ላይ ገለበጡት።

ጎተራውን የሚያዙት አዛዡ አንድ ደግ ሽማግሌ ነበሩ። የእሳቸው አሰጣጥ እንደ ቅዳሴ ተሰጥኦ ጥያቄውም መልሱም የታወቀ ነው። ስምህ ሲጠራ ሸማህን አደግድገህ ትቀርባለህ። «ምን ጎደለህ?» ይሉሃል። እጅ ነሥተህ «በጌታዬ ጤና ምን ይጎድለኛል!» ትላለህ። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «ስፈሩለት» ይላሉ። አለቀ። መራብህን አንተም ታውቃለህ፣ እሳቸውም ያውቃሉ፣ ሰፋሪውም ያውቃል። ግን ማን አፉን ሞልቶ ይናገራል? ነውር ነዋ!

ይህን ነውር አባቴ ነው ያስተማረኝ። ከሸዋ በወታደርነት የመጣ ኩሩ ሰው ነበር። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ሰው ቤት ይዞኝ ሄዶ ባለቤቲቱ «ምን ልስጥህ የኔ ልጅ?» ስትለኝ «ዳቦ» አልኩ። ጭኔን ቆንጥጦ ይዞ እስክንወጣ አልለቀቀኝም። መንገድ ላይ «የጨዋ ልጅ ራበኝ አይልም፤ ዝም ባለ አፍ ዝምብ አይገባም» አለኝ። ቁንጥጫው ሳምንት ሙሉ ጠቁሮ ከረመ።

ከሁላችን መካከል ደንቡን የማይጠብቁት እትዬ ጫልቱ ብቻ ነበሩ። አዛዡ «ምን ጎደለሽ?» ሲሏቸው ሳያደገድጉ፣ ቀና ብለው «ሁንዱማ!» ይላሉ። ሁሉም ማለታቸው ነው በኦሮምኛ። እኛ እንስቃለን፣ አዛዡም ይስቃሉ፣ ይሰፈርላቸዋል። እኔ በሆዴ ‘ምን ዓይነት ዓይን አውጣ ሴትዮ ናት’ እል ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሐምሌ ላይ አዛዡ ታመው ቀሩ። በቦታቸው ሌላ ሹም መጡ፤ ወጣት፣ ዝምተኛ፣ ነጭ የለበሱ። ከጎናቸው ጠረጴዛ ተደርጎ ጸሐፊ ተቀመጠ። «ከዛሬ ጀምሮ የእያንዳንዱ ሰው ቃል ይጻፋል» ተባለ። ይጻፋ፣ እኛ ምን ገዶን!

ስሜ ተጠራ። «አቤት!» ብዬ ቀረብኩ።

«ምን ጎደለህ?» አሉኝ አዲሱ አዛዥ።

«በጌታዬ ጤና ምን ይጎድለኛል!»

ቀና ብለው አዩኝ። «ምንም አልጎደለህም?»

የበለጠ ጨዋ ልሁን ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግኩ፦ «በጌታዬ ጤና ምንም!»

ጸሐፊው ጻፈ። «ስፈሩለት» እስኪሉ ጠበቅኩ። አላሉም፤ ቀጣዩ ሰው ተጠራ። አዲስ ሰው ስለሆኑ ነው ብዬ ስልቻዬን ከፍቼ ወደ ጎተራው ሄድኩ። ሰፋሪው ወረቀቱን አገላብጦ «አንተ የለህበትም» አለኝ።

«እንዴት የለሁበትም?»

«ምንም አልጎደለኝም ብለሃል። ቃልህ ይኸው።»

ደሜ ፈላ። «አንተ ሰውዬ፣ ይኼ እኮ ጨዋነት ነው!» ብዬ ጮህኩበት። ትከሻውን ነቀነቀ። ወደ አዛዡ ስሮጥ በሩ ተዘግቷል፤ ዘበኛው «ከሁለት ሳምንት በኋላ» አለኝ። ያን ቀን ከእትዬ ጫልቱ በቀር ደጅ ጠኚው በሙሉ ባዶ ስልቻ አንጠልጥሎ ወጣ። ሁላችንም የጨዋ ልጆች።

እትዬ ጫልቱ ስልቻቸው ሞልቶ መንገድ ዳር ቆመው ጠበቁኝ። የእኔን ስልቻ ተቀብለው ከራሳቸው ሊገለብጡልኝ ሲሉ አፌ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ኧረ ይተዉ እትዬ፣ ቤት አለ!»

«ዝም በል!» ብለው ጮኹብኝ። «ሆድህ ባዶ፣ አፍህ ጥጋበኛ! ለአንተ መሰለህ? ለሚስትህ ነው።» አንድ ቁና ያህል ገለበጡልኝ። በዝናብ እያለቀስኩ ነው ሶር የደረስኩት፤ ዝናብ ደግነቱ እንባን ለሰው አያሳይም።

ቤት ስገባ አስካለ ስልቻውን አየች፤ ማነሱን አየች። «ምን አሉዎት?» አለችኝ። ባል አንቱ በሚባልበት ቤት ያደገች ልጅ ናት። «ሰፋሪው ታሞ ነው» አልኳት።

እነዚያ ሁለት ሳምንታት አላስቆም አላስቀምጥ አሉኝ። ጎደሬ ቆፈርኩ፣ እንጨት ፈለጥኩ፣ ለሰው አጥር አጠርኩ፤ ግን በዚያ ዝናብ ደህና ከፍሎ የሚያሠራ ማን አለ? እህሏ አለቀች። አንድ ቀን አስካለ የቀረችውን አቅርባልኝ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

«አንቺስ?» አልኳት።

«እኔ ጠግቤያለሁ፤ እርስዎ ይብሉ» አለችኝ።

ተነሥቼ ድስቱን ከፈትኩ። ታጥቦ ተደፍቷል። ከንፈሯ ደርቋል፣ ሆዷ ወደ ፊት ገፍቷል፣ «ጠግቤያለሁ» ትለኛለች። እኔ በር ላይ ቆሜ የተናገርኩትን ውሸት ራሱን ቤቴ ውስጥ መልሳ ነገረችኝ። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። ይሄ ይሉኝታ ልጄን ሊገድልብኝ ነው አልኩ። እውነቱን ሁሉ ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ «ታዲያ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ?» አለችኝ፤ ከዚያ ተሳስቀን ያለችውን ለሁለት ተካፈልናት።

ቅዳሜ ደረሰ። መንገዱን በሙሉ ጎድሎኛል፣ ጎድሎኛል እያልኩ አፌን ሳለማምድ ነው የሄድኩት። ቀላል ይመስላል። ደጁ ላይ ግን ስልሳ ሰው ቆሟል፤ ግማሹ የአባቴ የዘመቻ ጓደኞች ልጆች ናቸው። እትዬ ጫልቱ ከፊቴ ተጠሩ። «ሁንዱማ!» አሉ። ተጻፈላቸው።

ከዚያ የእኔ ስም።

«ምን ጎደለህ?»

ብታምኑም ባታምኑም፣ አፌ ከእኔ ቀድሞ «በጌታዬ ጤና…» ብሎ ጀመረ። የጸሐፊው ብዕር ወረቀቱ ላይ ወረደ።

«ቆይ! ቆይ! አይጻፍ!» ብዬ ጮህኩ። ዘበኛው ክንዴን ያዘኝ። አዛዡ እጃቸውን አነሡና ለቀቀኝ። «ጎድሎኛል ጌታዬ!» አልኩ። «እህል ጎድሎኛል። ሥራ ጎድሎኛል። ሚስቴ ልትወልድ ቀኗ ደርሷል፤ ለገንፎዋ የሚሆን ዱቄት ቤቴ የለም። ርቦናል!»

አንድ ሽማግሌ ከኋላዬ «ጉድ! ጉድ!» ሲሉ ሰማሁ። ጭኔ ላይ፣ አባቴ የቆነጠጠኝ ቦታ፣ በእውነት አመመኝ።

አዛዡ አዩኝና «ይጻፍ» አሉ። ከዚያ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «እኔንም አባቴ እንደዚያ በል ብሎ ነው ያሳደገኝ። ወረቀት ግን ጨዋነት አያውቅም፤ የነገሩትን ነው የሚይዘው። ያለፈውን ድርጎህንም ጨምረው ይስፈሩልህ» አሉኝ።

ዞር ስል ቀጣዩ ሰው ተጠርቶ ቆሟል። ባለ ትልቅ ሪዝ፣ የታወቀ ኩሩ ሰው ነው፤ ባለፈው ከእኔ ጋር ባዶውን ከወጡት አንዱ። «ምን ጎደለህ?» ሲሉት ጉሮሮውን ጠራረገ፣ መሬት መሬት አየ፣ ከዚያ «እኔም… እንደሱ ነኝ» አለ። ከእሱ በኋላ የመጣውም «እኔም» አለ። እትዬ ጫልቱ ከበሩ ማዶ ሆነው በሳቅ ይንፈራፈራሉ።

አስካለ በነሐሴ በሰላም ተገላገለች። ገንፎው በጎሬው እህል ተገነፋ፤ ሴት ልጅ ናት፣ አበቡ አልናት። እኔም ለመስቀል ሰሞን የገበያ ጠባቂነት ሥራ አገኘሁና ድርጎውን በራሴ አፍ ሄጄ አስፋቅኩ። ይህም ደንብ ነው፤ ሥራ አግኝተህ ዝም ካልክ ሌብነት ነው። ለእትዬ ጫልቱ አንድ ቁናቸውን በሁለት አድርጌ መለስኩ፤ እሳቸው እንደ እኔ «ይተዉ፣ ይተዉ» አይሉም፣ ተቀበሉኝ።

ያም ሆኖ ዛሬም ስጠየቅ አፌ ቀድሞ «ተመስገን፣ ምንም» ይላል። ያደገብኝ ነገር ነው፤ አልፈርድበትም፣ አልወደውምም።

ባለፈው እሑድ ግን እንግዶች ቤታችን መጥተው ነበር። አንደኛው፣ የአባቴ የቀድሞ ጓደኛ፣ አበቡን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው «የኔ እመቤት፣ ምን ጎደለሽ?» አሏት።

«ዳቦ!» አለች፣ ቤቱ እስኪያስተጋባ።

ሽማግሌው ደንግጠው ወደ እኔ አዩ። ሁሉም ወደ እኔ አየ፤ እስክቆነጥጣት ነው የሚጠብቁት። እኔም እንደ ልማዴ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ግቢውን ግን አልዞርኩም፤ ጓዳ ገብቼ ዳቦውን ቆርሼ ሰጠኋት።