ሽማግሌዎቹ የመጡበት ቅዳሜ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ጾም መሻሬን፣ ሰው መቆጣቴን፣ በሥራ ቦታ አለቃዬን መራገሜን ተናዝዤ፣ ቀኖናዬን ተቀብዬ ሰግጃለሁ። ይህን ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይዤው ኖሬያለሁ። የሠራሁት በአጭሩ ይጻፋል። ልጄን ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎችን በስሟ ዋሽቼ መለስኳቸው፤ ለእሷ ደግሞ ማንም አልመጣም አልኳት። የቀረው ሁሉ ማብራሪያ ነው። ማብራሪያዬ ሰበብ መሆን ሲጀምር ግን አንተ አንባቢዬ አትመነኝ።

እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ፣ በሱዳን በኩል ዞሬ ሜልበርን ስገባ ሠላሳ ዓመት አልፎኝ ነበር። ዲር ፓርክ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት እየነዳሁ፣ በምሳ ሰዓት መዝገበ ቃላት አጠገቤ አስቀምጬ ማንበብ ጀመርኩ። ከሁሉም የያዘኝ የጥንት ግሪኮች ፍልስፍና ነው፤ በተለይ ስለ ፍቅር የተናገሩት። እኛ በአንድ ቃል ፍቅር የምንለውን እነሱ ለያይተው ይጠሩታል፤ የሚመኘውን ኤሮስ፣ የወዳጅነቱን ፊሊያ፣ የወላጅና የልጁን ስቶርጌ ይሉታል። ከመካከላቸው ፍቅር መሰላል ነው የሚል ትምህርት አለ። ሰው መጀመሪያ የአንድን ሰው መልክ ይወዳል፤ ከዚያ ውበትን ሁሉ፣ ከዚያ የነፍስን፣ ከዚያ የእውቀትን ውበት እያለ ይወጣና፣ በመጨረሻ የማያረጀውንና የማይሞተውን ውበት ራሱን ያያል።

ይህን ያነበብኩት ባለቤቴ የሺ በሞተች በሁለተኛው ዓመት ነበር። የማይሞት ነገር አለ መባሉ ብቻ በቃኝ። ለየሺ አላለቀስኩም፤ ማልቀስ የታችኛው እርከን ነው አልኩ። በማኅበር ስንሰበሰብ ስለ መሰላሉ መናገር አበዛሁ። ሰዎችም «ፈላስፋው» ይሉኝ ጀመር። ግማሹ ቀልድ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ቢሆንም ደስ ይለኝ ነበር።

ብሬብሩክ ሰፈር በተከራየናት ቤት ከልጄ ከማህሌት ጋር ሁለታችን ቀረን። አድጋ ነርስ ሆነች። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ እንዲያም ሆኖ እንግባባለን። ከሥራ ስትመለስ አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ከአውቶቡስ ስትወርድ በወጥ ቤቱ መስኮት ትታየኛለች። ሻይ የምጥደው ያኔ ነው። በቀኔ ውስጥ የምጠብቀው ሌላ ነገር አልነበረም። ይህንን ያኔ ለራሴ አልነገርኩትም።

አንድ ዓርብ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመችና፣ «አባዬ፣ ነገ ሰዎች ሊመጡ ይችላሉ» አለችኝ። በአማርኛ ነው ያለችው፤ ስትለማመደው እንደቆየች ያስታውቃል። ናትናኤል የሚባል፣ ዳንደኖንግ የሚኖር ኤሌክትሪሺያን እንደምትወድ ነገረችኝ። ከተዋወቁ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ዛሬ ነገ ሲልባት ተቆጥታ፣ በአባቴ በር ሳትመጣ እንዳትደውልልኝ ብላዋለች።

«ሺፍት ለውጫለሁ፤ ሴቷ እቤት መሆን የለባትም አይደል?»

«የለባትም።»

«በናትህ አባዬ፣ ስለ ግሪኮቹ እንዳታወራባቸው» ብላ ሳቀች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በልልኝ። እዚህ አገር ያደገች ልጅ ስለ ሽማግሌ ምን ያስጨንቃት ነበር? ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ቁም ነገረኛ ወንድ ሽማግሌ ይልካል፣ የማይልክ አይረባም እያልኩ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። በእኔ ሕግ ልትኖር ፈለገች፤ እኔም በዚያው ሕግ መታኋት።

በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ሦስቱ መጡ። መሪያቸው ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ ከሱዳን ጀምሮ ያውቁኛል። ሦስት ወንበር ከጠረጴዛው ሥር ስቤ ተቀመጡ አልኩ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ታደሰ። «ደምሴ፣ ዛሬ ልንማር አይደለም የመጣነው። መሰላሉን ለሌላ ቀን አቆየው።» ሁለቱ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ስለ ልጁ ተናገሩ፤ ታታሪነቱን፣ እናቱን መጦሩን፣ ማህሌትን ማክበሩን። ቆመው ጨረሱ። የመጀመሪያ ቀን እሺ እንደማይባል ሁላችንም እናውቃለን፤ የአባት ወጉ «ዘመድ ላማክር፣ ተመለሱ» ማለት ነው። እነሱም የሚጠብቁት ያንኑ ነበር። እኔ ግን ምን አልኩ?

«ልጄን ጠይቄያታለሁ። አልፈልግም ብላለች። ልጁም ዳግመኛ እንዳይደውልላት ለምናለች።»

ጋሽ ታደሰ ግን ጠየቁኝ። «እሷ ራሷ ናት ያለችው?»

«እሷ ራሷ።»

«እንግዲህ እግዚአብሔር የተሻለውን ይስጣት» ብለው ባርኔጣቸውን ደፉ። ወጡ።

አመለጠኝ እንዳልል፣ ያኔ ያደረግኩትን ልንገርህ። ሦስቱን ወንበሮች አንድ በአንድ ወደ ጠረጴዛው ሥር መለስኩ። ሰው የመጣበት ቤት እንዳይመስል። አፌ ቢያመልጠኝ እንኳ እጄን ምን እለዋለሁ?

አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ከአውቶቡሱ ወርዳ በሩጫ መጣች። ቦርሳዋን ሳታወርድ «ሰው መጣ?» አለችኝ። ማንም አልመጣም አልኳት። ወንበሮቹን አየች። «እሺ» ብላ ወደ ክፍሏ ገባች።

የሚቀጥለውን ቅዳሜ ጠበቀች፤ ከዚያም የሚቀጥለውን። በሦስተኛው «ገብቶኛል፣ ደህና ሁን» የሚል መልእክት ላከችለት። እሱ ደግሞ እምቢታዋ ነው ብሎ ተቀበለው። ይህን የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ለቅሶ ቤት፣ ከጋሽ ታደሰ ነው። አንዳቸው ሌላውን እንዳልፈለጉ አድርጌ ሁለቱንም አሳመንኩ፤ እነሱም ተከባብረው ተለያዩ።

ከዚህ የከፋውን ገና አልጻፍኩም። አጽናናኋት። አጠገቧ ተቀምጬ፣ አንድን ሰው መውደድ የመጀመሪያው እርከን ብቻ ነው፣ አሁን አንድ ደረጃ ወጥተሻል አልኳት። በትዕግሥት ሰማችኝ። ከዚያ፣ «አባዬ፣ እላይኛው ላይ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰው አይደለም፣ ውበት ራሱ ነው ያለው አልኳት። «እንግዲያው እኔ ይቅርብኝ» አለች።

በዓመቱ በአገሩ ሌላ ጫፍ፣ ፐርዝ፣ ሥራ አግኝታ ሄደች። አላገባችም። እሑድ እሑድ ትደውልልኛለች፤ መድኃኒቴን መውሰዴን ትጠይቀኛለች። ናትናኤል አግብቶ ሁለት ልጆች አሉት። በበዓል ቀን ስንገናኝ ጎንበስ ብሎ «ጋሼ፣ እንደምን አሉ?» ይለኛል። ልጆቹን አቅፌ ስሜያለሁ። ይህም እጅ ያው ወንበር የመለሰው እጅ ነው።

ለምን አደረግኩት? ከዚያው ከግሪኮቹ ዘንድ ፍቅር የማጣት ልጅ ነው የሚል ነገር አለ፤ የሚወድ ሰው የጎደለውን ይፈልጋል። አሥር ጊዜ ሳነበው ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ ይመስለኝ ነበር። እውነተኛ ወዳጅ ለወዳጁ መልካሙን የሚሻው ለራሱ ለወዳጁ ሲል ነው የሚልም አለ፤ ይህንንም ከሰው ፊት ቆሜ አስተምሬዋለሁ። እኔ ግን ለማህሌት የተመኘሁት ምን ነበር? አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ከአውቶቡስ እንድትወርድ ብቻ። ቤቱ ባዶ እንዳይሆን። የእሷን ፍቅር ዝቅተኛ ብዬ ከታች ያስቀመጥኩት እኔ፣ ለራሴ የመጀመሪያውን እርከን እንኳ አልረገጥኩም። ያ ፍቅር አልነበረም ብል ይቀለኝ ነበር። ነበር። እወዳት ነበር፤ እየወደድኳትም ነው ያደረግኩት።

አውቶቡሱ አሁንም በሰዓቱ ይመጣል። ጡረታ ወጥቻለሁና እቤት ነኝ፤ ሲቆም እነሳለሁ። የማላውቃቸው ሰዎች ይወርዳሉ። ሻይ የምጥደው ግን ያኔ ነው፣ ለሁለት ሰው በሚሆን ውኃ። ለየሺ ያላለቀስኩትንም በዚያ መስኮት ላይ አልቅሼዋለሁ።

ይህን ስጽፍ ደግሞ ሌላ ነገር ገባኝ። ማህሌት አማርኛ ትሰማለች እንጂ ማንበብ አትችልም። ኑዛዜዬን እሷ በማታነበው ፊደል ነው የጻፍኩት። ዛሬም እየተደበቅኩ ነው።

ስለዚህ በዚህ እሑድ ስትደውል ወረቀት አልይዝም። መሰላሉን አላነሳባትም፤ እናትሽ ሞታብኝ ነበር፣ ብቸኝነት ፈርቼ ነበር አልላትም። ይቅር በይኝ ለማለትም ተራዬ አልደረሰም። አስቀድሜ የጠየቀችኝን እመልስላታለሁ። መጥተው ነበር፣ ማህሌት። ሦስት ነበሩ። አልተቀመጡም።