ወለላ ያጠበችው ጎርፋ

ነገሌ ካምፕ ሠፈር ገብቶ የወለላን ቤት ለማግኘት ሰው መጠየቅ አያስፈልግም። አጥሯ ላይ ከዘይት ቆርቆሮ የተቆረጡ ወፎች ተሰልፈዋል፤ ነፋስ ሲነካቸው ይንጫጫሉ። የወታደር ልጅ ናት፤ ከካምፕ ካምፕ ስትዞር አደገች፣ ያገባችውም ወታደር። የማዳበሪያ ከረጢት ተርትራ በክሩ ሌማት ትሰፋለች፤ ከቆርኪ መጋረጃ ትሠራለች። «እኔ ቤት ቆሻሻ የሚባል ነገር የለም» ትላለች እየሳቀች።

ከረጢቱን የምታቀብላት ጎረቤቷ ባለሱቋ መሱዳ ናት። በ2004 ዓ.ም. መሱዳ ልጇን ኢሕሳንን ልትድር ስትል አሮጌ ጎርፋ ይዛ መጣች። ጎርፋ ከዛፍ ሥር በተፈተለ ክር ጥብቅ ተደርጎ የሚሰፋ የወተት ዕቃ ነው፤ ይሄኛው የሟች እናቷ ነበር።

«አካም፣ ወለላ ኮ!» አለች በኦሮምኛ እያቆላመጠቻት። «አፉ ተተርትሯል፣ ስፊልኝ። ለኢሕሳን ልሰጣት ነው።»

«ውይ መሱዳ፣ ይሄን አሮጌ ለሙሽራ?»

«አፉን ብቻ አልኩሽ፣ አንቺ ለፍላፊ!»

ተሳሳቁ።

ወለላ ግን አፉን ሰፍታ አላቆመችም። ውስጡ ጠቁሯል። የወተት ዕቃ ሲታጠን ሳታይ ያደገች የካምፕ ልጅ፣ ጥቀርሻ መሰላት። በኦሞ ዘፈዘፈችው፣ በሽቦ ፈገፈገችው፣ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ከዚያ በቀይና በሰማያዊ ክር ዙሪያውን ጠለፈችው።

«እንደዚያ ያማረ ነገር በዕድሜዬ ሠርቼ አላውቅም» አለችኝ ቤቷ ሄጄ ስናወራ።

መሱዳ ስታየው መጀመሪያ ፈገግ አለች። ክዳኑን ከፍታ አፍንጫዋን አስጠጋች። ደግማ አሸተተች።

«የት ሄደች?» አለች ቀስ ብላ።

ያ ጥቁረት እናትየው ዕድሜ ልኳን ያጠነችበት ጭስ ነበር። መሱዳ እናቷ የናፈቀቻት ቀን ክዳኑን ከፍታ ታሸትተው ነበር። ለኢሕሳንም ልታወርሳት የፈለገችው ይህንኑ ነው።

ወለላ አጠናኑን ጠይቃ፣ የማጠኛውን እንጨት ፈልጋ፣ ራሷ አጥና መለሰችላት። መሱዳ አሸተተችና፣ «ጥሩ ነው» አለች። «ግን ያንቺ እጅ ነው። አንቺው ጋ ይቀመጥ።»

ኢሕሳን ያለ ጎርፋው ተዳረች። መሱዳ አልተጣላቻትም፤ ከረጢት መላኩንም አላቋረጠች። «ብትሰድበኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር» ትላለች ወለላ።

ጎርፋው ግድግዳዋ ላይ ተሰቅሏል። እንግዳ ሁሉ ከሥራዎቿ መጀመሪያ የሚያደንቀው እሱን ነው። እኔም አድንቄ እጄን ስዘረጋ፣

«እየው» አለችኝ፤ «ክዳኑን ግን በናትህ አትክፈተው።»