ከዘይት ቆርቆሮ የተሠራው ብረት ለበስ

የጤና ጣቢያችን የቀን ጥበቃ፣ የጋምቤላ ሙቀት ሰውን ሁሉ ልብስ በሚያስጥልበት ሰዓት እንኳ፣ እጅጌው እስከ እጁ አንጓ ድረስ የተቆለፈ ወፍራም ሸሚዝ ይለብሳል። እጆቹ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ እንዳለ ያወቅሁት አንድ ቀን ሲታጠብ አይቼው ነው። ስሙን ጠይቄው አላውቅም፤ ሁላችንም «ጥበቃ» እንለዋለን።

በሽተኛ ሲቀንስ ከኒሙ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ከእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ አንድ ጫማ የሚያህል ብረት ለበስ የጦር መኪና ይሠራል። የሚሠራው ግን የተመታና የተቃጠለ ብረት ለበስ ነው። ጎማዎቹን ከአሮጌ ሰንደል ቆርጦ በክብሪት ለበለባቸው፤ ጎኑን በሚስማር በሳው። በየሳምንቱ አንድ ነገር ያሻሽልለታል።

«ወንድሜ፣ ለምን ደህናውን አትሠራም?» አልኩት።

«ሲስተር፣ ደህና ሆኖ ብዙ አላየሁትም» አለኝ።

ባለፈው ሰኞ ጠራኝ። ከኋላው በቀጭን ሽቦ በር ገጥሞለታል።

«ሞክሪው።»

በጣቴ ጫፍ ስነካው ተከፈተ።

«ከውስጥም ይከፈታል» ብሎ በጣሪያው ቀዳዳ ስንጥር አስገብቶ ገፋው። «የዚያኛው፣ የተቃጠለብን በር እምቢ አለ። እኔ በላይ ወጣሁ። ሦስቱ ጓደኞቼ ከውስጥ እየደበደቡ፣ እኔ ከውጭ እየሳብኩ...»

የቆርቆሮውን በር በጣቴ መልሼ ዘጋሁና፣ «አሁንስ ተጠናቀቀ?» አልኩት።

«ገና ነው። በሩ ትንሽ ይከብዳል» አለኝ። «የደከመ ሰው ቢገፋው መከፈት አለበት።»

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ማጠፊያውን በዘይት ማሸት ጀመረ።