በኮሚቴ ያረጀችው ልጅ

መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ሰፈር አርባ ዓመት ኖሬያለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን ሰፈራችን አንድም ነገር ያለ ኮሚቴ ሲሠራ አላየሁም። ቱቦ ሲደፈን ኮሚቴ፣ ውሻ ሲበዛ ኮሚቴ፣ ኮሚቴው የሚቀመጥበት ወንበር ሲጠፋ ደግሞ የወንበር ኮሚቴ። ስለዚህ የጎረቤቴ ልጅ ለትምህርት ውጭ አገር ልትሄድ ነው ሲባል ምን እንደሚከተል ቀድሜ አውቄዋለሁ።

ልጅቷ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ አሥራ አንደኛ ክፍል ትማራለች። እናቷ ከደቡብ የመጣች ጸሎተኛ ጴንጤ ናት። ለቡ መብራት ኃይል ባሉት ፎቆች የሰው ልብስ እያጠበች ነው ብቻዋን ያሳደገቻት። ልጅቷ በሂሳብ ተወዳድራ አውሮፓ ውስጥ ለሦስት ሳምንት የሚሰጥ የተማሪዎች ሥልጠና አገኘች። ጋባዦቹ ማደሪያና ምግብ ችለዋል፤ የአውሮፕላን ቲኬቱና የቪዛው ወጪ ግን በራሷ ነው። እናቷ ይህን ስትሰማ ሁለት ቀን አለቀሰች፤ በሦስተኛው ቀን የእድሩን ሰብሳቢ ልታማክር ሄደች። እኔ ዘንድ መምጣት ነበረባት።

ለምን እኔ ዘንድ? የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ንፋስ ስልክ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጠራጊ ሆኜ ገብቼ ብረት የሚቀረጽበት የቶርኖ ክፍል ኃላፊ ሆኜ ወጣሁ። ያስተማረኝ የለም። የማሽኑ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ነበር። ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ገዝቼ፣ ቃል በቃል እየፈታሁ በሁለት ዓመት ጨረስኩት። ሊጠግን ለመጣው ፈረንጅ መካኒክ የቱ ጋ እንደተሳሳተ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ዛሬ በሰፈራችን ካሉት ባለ ዲግሪዎች አንድ ገጽ እንግሊዝኛ አንብቦ፣ ከራሱ ምንም ሳይጨምር የሚነግረኝ አላገኘሁም። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ ለመመካትም ከሆነ እውነት ነው።

የእድሩ ሰብሳቢ ለቡ ዳርቻ ላይ ቤት የሚያሠራ ሰው ነው። ሁሉም «ኢንጂነር» ይለዋል። የት ነው የተማርከው ብዬ አንድ ቀን ጠይቄው «በልምድ ነው ጋሼ» አለኝ። ልምድማ እኔም አለኝ፤ ኢንጂነር በሉኝ ብዬ ግን ሰው አላስቸገርኩም። ጸሐፊው ደግሞ ወረዳ የሚሠራ ወጣት ነው። ሁለት ዲግሪ አለው፤ ሁለቱንም በመስታወት አስገብቶ ሳሎኑ ውስጥ ሰቅሏቸዋል። እነዚህ ሁለቱ አሥራ አምስት ሰው ጨምረው «የጉዞ አስተባባሪ ኮሚቴ» አቋቋሙ። ልጅቷንም በየስብሰባው ይጠሯታል፤ በር አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ውሃ ታድላለች።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ስብሰባዎች ያለቁት የገቢ ማሰባሰቢያው በማን ጸሎት ይከፈት በሚለው ነው። ኦርቶዶክሶቹ በእኛ አሉ፣ ጴንጤዎቹ ልጅቷ የኛ ናት አሉ። በሦስተኛው እሑድ «ሁሉም በየልቡ ይጸልይ» ተብሎ ተወሰነ። ይህ ውሳኔ ሦስት ሳምንት ከፈጀ አውሮፓ መድረስ ስንት ዓመት ይፈጃል ብዬ ጠየቅሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ጋሼ አስተያየት ሰጥተዋል» ተብሎ ተጻፈ።

ቀጥሎ ባነሩ መጣ። የልጅቷ ፎቶ ጥግ ላይ ጉርድ ሆኖ፣ የሰብሳቢው መሐል ላይ በሙሉ ቁመት። ቲሸርትም ታተመ። ፓስፖርት ግን ገና አልወጣላትም። ለምን ሲባል «በቅደም ተከተል እንሂድ» ይባላል።

በዝግጅቱ ቀን በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ አንገቱ ላይ ሪባን የታሰረ ሙክት ለጨረታ ቀረበ። ማይኩን ሰብሳቢው ራሱ ያዘ።

«ይህን ሙክት ማን ይወስደዋል? ስለ ሴት ልጅ! ስለ አገር!»

አንድ የእህል ነጋዴ አሸነፈና «ለልጅቷ መልሼ ሰጥቻለሁ!» አለ። እልል ተባለ። በጉ እንደገና ለጨረታ ቀረበ፤ ሁለተኛውም አሸንፎ መለሰው። ሦስተኛውም እንዲሁ። አጠገቤ ለተቀመጠው ሽማግሌ «ይህ በግ ከልጅቷ በፊት ቪዛ ያገኛል» ስለው እስኪያስለው ሳቀ። በግልጽ ልናገር፣ ገንዘቡ ሞልቷል። ነጋዴዎቹ የተናገሩትን ከፍለዋል። እኔም ያለኝን ያለ ማይክ በማግስቱ ባንክ አስገብቻለሁ። በጉን ኮሚቴው በግምገማ ስብሰባ ላይ በላው።

ከዚያ በኋላ የቀረው አንድ ሥራ ብቻ ነበር፤ ጋባዦቹ የላኩትን ፎርም መሙላት። እሱን ባለ ሁለት ዲግሪው ጸሐፊ ወሰደው።

ወር ሳይሞላ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በእድሩ ቤት አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ሰብሳቢው ፊቱን አጨፍግጎ ቆመ።

«ወገኖቼ፣ ልጃችንን አልተቀበሏትም። ምክንያቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጥቁር ስለሆንን ነው።»

ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። እናቷ በሻርፗ አፏን ይዛ «እግዚአብሔር ያውቃል» አለች። ልጅቷ የውሃ ጠርሙሶቹን እንዳቀፈች በር ላይ ቆማለች። ፊቷ ላይ ያየሁትን አሁንም አልረሳሁትም፤ ማልቀስ አልነበረም፣ ቁጣ ነበር።

«ገንዘቡ ግን የሕዝብ ነው» ብሎ ሰብሳቢው ቀጠለ። «ዝም ብሎ መቀመጥ የለበትም። የእድራችንን ድንኳን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ባለፈው ቀብር ላይ ዝናብ አስገብቶብናል።» ከኮቱ ኪስ የድንኳን ዋጋ የተጻፈበት ፕሮፎርማ አወጣ።

ደብዳቤው የደረሰው ዓርብ ነው። ፕሮፎርማው ቅዳሜ ተጽፏል። ለልጅቷ ፓስፖርት ሁለት ወር ያልተንቀሳቀሰ እግር ለድንኳን በአንድ ቀን ደረሰ።

«ደብዳቤው የት አለ?» አልኩ።

«ተነበበ እኮ ጋሼ» አለ ጸሐፊው።

«ተነበበ ወይ አላልኩህም። የት አለ ነው ያልኩህ።»

«ስልኬ ላይ ነው። በእንግሊዝኛ ነው።»

«ታዲያ በእንግሊዝኛ ልጠይቅህ? አምጣው።»

መነጽሬን አድርጌ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ቀለም አንድም ቃል የለውም። ሥልጠናው ከአሥራ ስድስት እስከ አሥራ ስምንት ዓመት ላሉ ተማሪዎች ነው፤ አመልካቿ ሃያ አራት ዓመቷ ስለሆነ ልንቀበላት አንችልም፤ የስም ዝርዝሩን የምንዘጋው በመጪው ዓርብ ስለሆነ ስህተት ካለ ከዚያ በፊት አሳውቁን ይላል።

«ይቺ ልጅ ስንት ዓመቷ ነው?» ብዬ ጮህኩ።

«አሥራ ሰባት!» አለች እናቷ ብድግ ብላ።

«ኮሚቴው ሃያ አራት አድርጓታል።»

ጸሐፊው የልደት ቀኗን ከትምህርት ቤት ካርዷ ላይ እንዳለ ገልብጦታል። ጥር አሥራ ሁለት የተወለደችውን ልጅ፣ ጥር ለእኛ አምስተኛ ወር ስለሆነ፣ የፈረንጆቹ አምስተኛ ወር ላይ ጣላት። ዓመቱንም ሳይቀይር በእኛው አቆጣጠር ጻፈው። ይህ ሰው እኮ ወረዳ ተቀምጦ በሁለቱም አቆጣጠር ወረቀት ሲሰጥ የሚውል ነው!

«ሲስተሙ ነው ጋሼ» አለ ላብ እያጠመቀው። «ሲስተሙ ራሱ የሚቀይረው መስሎኝ…»

«ሲስተሙ ያለው አውሮፓ ነው። መካኒሳ ያለ መስሎህ ነው?»

ሰው መሳቅ ጀመረ። ሰብሳቢው «በቃ የሲስተም ችግር ነው፣ ሰው ላይ አንፍረድ» ሲል ልጅቷ ከበሩ ላይ ተናገረች። በስብሰባ ላይ ድምጿን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማነው ያን ቀን ነው።

«ነግሬው ነበር።»

«መቼ?» አልኳት።

«ሲሞላ። አጠገቡ ቆሜ። ዓመቱ ልክ አይደለም ስለው ‹አንቺ ውሃ አምጪልን› አለኝ።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጸሐፊው አንገቱን ደፋ። እኔም ድል እንዳደረገ ሰው ደረቴን ነፍቼ ጠየቅኋት።

«ታዲያ ልጄ፣ እኔ ዘንድ መጥተሽ አትነግሪኝም?»

«መጥቼ ነበር አባባ።»

«እኔ ዘንድ?»

«አዎ። ቶርኖውን ያለ አስተማሪ እንዴት እንደተማሩት እየነገሩኝ መሸ። እናቴ ጠራችኝ።»

አሁን የተሳቀው በእኔ ነው። ከሁሉም በላይ የሳቀው ሰብሳቢው ነበር፤ ጠረጴዛውን እየደበደበ። ይህን ክፍል ትቼው ላልፍ አስቤ ነበር። ነገር ግን ሌሎቹን የናቅኋቸው አላዳመጧትም ብዬ ከሆነ ራሴን ዘልዬ ማለፍ አልችልም። የእኔ ታሪክ ከኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ይሻላል፤ ለዚያች ልጅ ግን ያን ቀን እኩል ነበርን።

የተወሰነው ይህ ነው፤ እስከ ዓርብ መልስ ካልመጣ ድንኳኑ ይገዛል። ሰብሳቢው ፕሮፎርማውን አጥፎ ኪሱ ሲመልስ ጥንቃቄው ያስገርም ነበር።

ልጅቷን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ደብዳቤውን እኔ መጻፍ ጀመርኩ። «ክቡራን ሆይ፣ በታላቅ ትሕትና…» እያልኩ በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ሞላሁ። አገራችን የራሷ የዘመን አቆጣጠር እንዳላት፣ ከየት እንደመጣ፣ ለምን ከነሱ እንደሚለይ፣ ሁሉንም አስገባሁ። ልጅቷ አንብባ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መለሰችው።

«ምነው? ስህተት አለው?»

«ስህተት የለውም አባባ።»

«ታዲያ?»

«ማንም አያነበውም። ሦስት መስመር ይበቃል።»

«ሦስት መስመር ለማን ነው የሚጻፈው? ለሱቅ ዱቤ ነው?»

«ሰዎቹ የብዙ አገር ደብዳቤ ነው የሚያነቡት። ታሪክ አልጠየቁንም። ዕድሜዬን ነው የጠየቁት።»

ተጨቃጨቅን። ሃምሳ ዓመት እንግሊዝኛ አንብቤ በአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ልታረም? ብዕሩን ከእጄ ወሰደችው። የጻፈችው በእውነት ሦስት መስመር ነው፤ ቀኑ የተጻፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፣ ትክክለኛው ይህ ነው፣ የልደት ምስክር ወረቀቴ ተያይዟል። ቀኑን የቀየርኩት እኔ ነኝ። እሷ ስልኳን ስትከፍት እኔ በጣቴ ቆጥሬ ጥር አሥራ ሁለትን ጃንዋሪ ሃያ አደረስኩት። ስልኩም ቆይቶ ሃያ አለ። ምስክር ወረቀቱን ሰኞ ጠዋት ይዤ ሄጄ ማኅተሙ በደንብ እንዲታይ ሁለት ጊዜ ስካን ያስደረግሁም እኔ ነኝ። መጀመሪያ ያነሱት ጠቁሮ ነበር፤ የሱቁ ልጅ «ይበቃል» ሲለኝ አይበቃም አልኩት።

ማክሰኞ መልስ የለም። ረቡዕ የለም። ረቡዕ ከሰዓት ሰብሳቢው በደጄ ሲያልፍ «ጋሼ፣ ፈረንጆቹ ረሱን እንዴ?» ብሎ ጥርሱን አሳየኝ። ልጅቷ እንደ ወትሮዋ ትምህርት ቤት ሄዳ ትመለሳለች፤ እናቷ ግን ምግብ ትታ ጾም ጸሎት ይዛለች። እኔ በጸሎት ብዙም ባልበረታም ከቤት አልወጣሁም።

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ልጅቷ ደብተሯን እንደያዘች እየሮጠች ግቢዬ ገባች። እናቷ ከገንዳው ላይ እጇን ሳታደርቅ ተከትላታለች፤ አረፋው ከክርኗ ይንጠባጠባል።

«ምን አሉ? ምን አሉ ልጄ?»

«ይቅርታ ጠይቀውናል። ቦታዬ እንዳለ ነው። ፓስፖርት ላኪ ብለውኛል።»

እናቷ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ስልኩን ተቀብዬ እኔም አነበብኩት። መልሱም ሦስት መስመር ነበር።

ፓስፖርቱንና ቪዛውን ኮሚቴ ሳናስጠጋ ጨረስነው። ልጅቷ ወረፋ ያዘች፣ እናቷ ገንዘቡን ከባንክ በፊርማ አስለቀቀች፣ እኔ ወረቀቱን አነበብኩ። በዚያ መሐል ሰብሳቢው ለሽኝት ሁለት ሚኒባስ፣ አዲስ ባነርና ሌላ ሙክት እያሰበ ነበር። ስንት ሰዓት ነው የምትበርሪው እያለ በየቀኑ ይጠይቃታል።

አንድ ጠዋት ልጅቷ በሬን አንኳኳች።

«አባባ፣ ማክሰኞ ከሰዓት ነው የምሄደው። ለኢንጂነር ረቡዕ ብዬዋለሁ።»

«ደግ አደረግሽ!»

«ከእናቴ ጋር እርስዎም እንዲሸኙኝ እፈልጋለሁ። ግን ምክር እንዳይሰጡኝ።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ቃሌን ሰጠሁ። ከመካኒሳ እስከ ቦሌ ታክሲው ውስጥ ከፊት ተቀምጬ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። መጽሐፍ ያለ አስተማሪ መማር ከዚያ ይቀላል። ስለ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ስለ ፈረንጅ ጠባይ፣ ስለ ብርድ የማውቀው ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ተሰልፎ ነበር። መግቢያው በር ላይ እናቷን አቅፋ ቆየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ትከሻዬን ሳመች። አፌን ልከፍት ስል ቀና ብላ አየችኝ። ዘጋሁት። ሻንጣዋን እየጎተተች ገባች፤ ዞራ አላየችም።

ስንመለስ እናቷ ዕንባዋን ጠርጋ «ጋሼ፣ ምን ሊሏት ነበር?» አለችኝ።

ነገርኳት። መንገዱ እስከ መካኒሳ ተዘጋግቶ ስለነበር ጊዜ አላጠረንም።