ለከድጃ ያልነገርኳት አውሎ ነፋስ

ይህን ለሚስቴ እንኳ ተንፍሼ አላውቅም። ዛሬ የማወራው ደፍሬ ሳይሆን መሸከሙ ስለታከተኝ ነው፤ ታገሡኝ።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከአገር ወጥቼ ጄኔቫ ውስጥ በአንድ የአየር ትንበያ ቢሮ እሠራ ነበር። የምሥራቅ አፍሪካን የበልግ ዝናብ መከታተል የኔ ድርሻ ነበር። ከድጃን ያወቅኳት ግራንድ ሳኮኔ በሚባለው የጄኔቫ ሰፈር አውቶቡስ ስንጠብቅ ነው። የአንድ ዲፕሎማት ቤት ሠራተኛ ናት፤ ወንድሟ ሰይድ ወሎ ደጋ ላይ የበልግ ገብስ ያርሳል። ለጓደኞቿ ስታስተዋውቀኝ "ጋሼ እኮ የዝናቡን መምጫ ያውቃሉ" ትል ነበር። እኔስ? ደስ ይለኝ ነበር፤ አንድም ቀን አላስተባበልኩም።

አንድ የካቲት ላይ "ሰይድ ይዝራ ወይስ ይቆይ?" አለችኝ።

"ይዝራ፤ ዝናቡ ደርሷል" አልኳት።

ይህን ስል አልዋሸሁም። ማዳጋስካር አጠገብ አንድ አውሎ ነፋስ ነበር፤ ቶሎ ያልፋል ብለን ገምተን ነበር። እሱ ግን እዚያው ተገተረ። እንዲህ ያለው ቀርፋፋ አውሎ ነፋስ ወደኛ የሚመጣውን እርጥበት ወደራሱ ይስባል፤ በቆየ ቁጥር በልጉ ይከሳል። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። አየሁ። አይቼም አልደወልኩም።

ለምን? ቢሯችን ትንበያ በየዕለቱ አይገለብጥም፤ ነገ ይንቀሳቀስ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። ደንቡ ለቢሮ ደግ ነው። ከድጃ ግን ቢሮ ናት? ሰይድ ዘሩን ገና አልበተነም ነበር፤ አንድ ስልክ ይበቃ ነበር። እኔ ግን ዝናብ አዋቂ መባሌ እንዳይቀርብኝ ሳሳሁ። እውነቱ ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም።

ሰይድ ዘራ። ገብሱ በመጀመሪያዋ ካፊያ በቀለና ደረቀ። የሚያርስበትን በሬ ሸጦ ልጆቹን አበላ። "እህቴ ናት ያስዘራችኝ" ብሎ ስልኳን ማንሳት ተወ። እሷም የኔን ስም አልጠራችለትም።

ሳገኛት ፊቴ መጥቆሩን አየችና "ጋሼ፣ አላህ የከለከለውን እርስዎ ከየት ያመጡታል? አይዘኑ" አለችኝ። የተበደለችው እሷ፣ የተጽናናሁት እኔ። ያን ጊዜ መናገር አቅቶኝ ነበር? አላቃተኝም፤ አልፈለግሁም። ብዙም ሳልቆይ ዙሪክ ሥራ አገኘሁና ሄድኩ። ለሥራው ብዬ ነው እላለሁ፤ ከድጃን ሽሽት ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የኔው ግን እዚህ ዙሪክ፣ ቪዲኮን ሰፈር ተቀምጬ ዓመት በዓመት ላይ ሲጨመር ጭራሽ ደፈረሰ። ከድጃ ዛሬም በየዒዱ ትደውልልኛለች። ሰይድ ዘንድሮም አላነሳላትም። "በእናንተም ጸሎት ያስቡልኝ" ትለኛለች፤ እሺ እላታለሁ።

ይቅርታ አልጠይቃችሁም፤ እናንተን ምን በደልኳችሁ? አንድ ቃል ብናገር እህትና ወንድም ይታረቁ ነበር። ያን ቃል ለእሱ ሳልነግር፣ ለእሷ ሳልነግር፣ ለማታውቁኝ ለእናንተ ነገርኩ። ይህም በደሌ ላይ ይጨመር።